ግልገል ድመት ወደ ቤት ስትገባ

ስለ አንዲት የድመት ግልገል በዚህ መጽሔት ገጽ ላይ መጻፋችን ለአንዳንድ አንባብያን ዋዛ መስሎ ይታይ ይሆናል። ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጾምና ስለ ጸሎት፣ ስለ ትምህርትም ገና ብዙ ሊነገር ሲገባ ስለ ድመት መናገር ምን ይጠቅማል የሚሉን አይጠፉም። እኛም ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ እንዲሁ ባልን ነበር። ነገር ግን በምንኖርበት በኮልፌ ቀራንዮ ድመት የማይገባበት ቤት ጥቂት ነው፤ ሕፃናትም ከሌላው እንስሳ ሁሉ አብልጠው የሚያቅፉት፣ ብርድ ሲሆንም ከብርድ ልብሳቸው ሥር የሚያስገቡት ድመትን ነው። ላም ስትታመም ሐኪም እንጠራለን፤ በግ ስንገዛ ጥርሱን እናያለን፤ ድመትን ግን እንዲያው ከመንገድ አንሥተን ወደ ቤት እናስገባታለን። ከዚያ በኋላ የምትኖረውም የምትሞተውም በዕድሏ ነው።

ይህን የምንጽፈው ከራሳችን ስሕተት ተነሥተን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በክረምት ወራት ልጃችን ከአጥር ሥር አንዲት ግራጫ ግልገል አግኝታ በሻሿ ጠቅልላ አመጣች። ግልገሊቱ በሦስተኛው ቀን ምግብ ትታ ተኛች፤ ሰውነቷም ይተኩስ ነበር። እኛም ለልጅ የሚበጅ ለእንስሳ አይከፋም ብለን በቤት ውስጥ ከነበረው የፓራሲታሞል ክኒን ግማሹን በወተት አሟምተን አጠጣናት። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ፊቷ አበጠ፤ ድዷ ጠቆረ፤ ትንፋሿም ቁርጥ ቁርጥ ይል ጀመር። ሊነጋጋ ሲል ሞተች።

በማግሥቱ ነገሩን የነገርነው የእንስሳት ሐኪም ራሱን ነቅንቆ፣ «መምህር፣ የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት የሚያከሽፍበት ኃይል የለውም» አለን። መድኃኒቱ በድመት ሰውነት ውስጥ መርዝ ሆኖ ደሟ አየር መሸከም እንዳይችል ያደርጋል፤ ለሰው ራስ ምታት የሚሰጠው አንድ ክኒን ትልቅ ድመት ለመግደል ይበቃል። አስፕሪንና ሌሎቹም የሰው የሕመም ማስታገሻዎች እንደዚሁ የሚያሰጉ ናቸው። ልጃችን «በሽታው ነው የገደላት ወይስ እኛ?» ብላ ጠየቀችን። እውነቱን ነገርናት።

እንግዲህ ባለፈው የበልግ ወራት ይህችው ልጅ ከሰፈራችን ወፍጮ ቤት ሁለተኛ ግልገል በትምህርት ቤት ቦርሳዋ ይዛ በመጣች ጊዜ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ በሥርዓት እንያዘው ብለን ተነሣን። በመጀመሪያ ያደረግነው ነገር ግልገሊቱን መልሶ ወደ እናቷ መውሰድ ነበር። ገና ከአርባ ቀን ብዙም ያላለፋት ነበረችና። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት «ድመት አምጥቶ የሚመልስ ሰው ዛሬ አየሁ» ብለው ሳቁብን። ነገር ግን ግልገል ድመት ቢያንስ ስምንት ሳምንት ከእናቷ ጋር ልትቆይ ይገባታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከጡት ወደ ምግብ ትሸጋገራለች፤ ጥፍሯን መሰብሰብን፣ በጨዋታ ጊዜ አለመንከስንም ከእናቷና ከወንድሞቿ ትማራለች። በእነዚያ ሳምንታት ልጆች በእርጋታ ቢዳስሷትና ድምፃቸውን ብታውቅ ደግሞ ካደገች በኋላ ሰው አትፈራም። ስለዚህ ልጃችን በየማታው ወፍጮ ቤት እየሄደች ስታያት ከረመች።

ግልገሊቱ ከመምጣቷ በፊት ደግሞ ቤቱን አሰናዳን። ሐኪሙ የመጀመሪያይቱ ድመት ትኩሳት ከምን እንደ መጣ ባለመታወቁ ይጠራጠር ነበር። በድመቶች ዘንድ ግልገሎችን በተቅማጥና በትውከት በጥቂት ቀን የሚፈጅ፣ የደማቸውን ነጭ ሕዋስ የሚያጠፋ አንድ ብርቱ ተላላፊ በሽታ አለ። የበሽታው ተዋሕስ ድመቷ ከሞተች በኋላ በወለልና በምንጣፍ ላይ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ሊቆይ ይችላል፤ ተራ ሳሙናም አይገድለውም። በረኪና ግን ይገድለዋል። በአንድ ሊትር ውኃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል በረኪና ጨምረን፣ ቆሻሻውን አስቀድመን አጥበን፣ ወለሉን በዚያ አርሰን አሥር ደቂቃ አቆየነው። አሮጌውን መተኛዋን አቃጠልን። ድመት በድንገት የሞተችበት ቤት ሁሉ ሌላ ግልገል ከማስገባቱ በፊት ይህን ቢያደርግ መልካም ነው። ለዚህ በሽታና ለድመት ጉንፋን የሚሆን አንድ ላይ የተቀናበረ ክትባት አለ፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ዕድሜ ተጀምሮ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ እስከ አራት ወር ድረስ ይደገማል። በአካባቢ ይገኝ እንደ ሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ያስፈልጋል።

በዘጠነኛው ሳምንት ክዳን ባለው ቅርጫት አድርገን ወደ ሐኪም ወሰድናት። ቅርጫቱን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በክንድ ታቅፋ በታክሲ የምትሄድ ድመት የመኪና ጡሩምባ ስትሰማ ትቧጥጣለች፣ ታመልጣለችም። ሐኪሙ አስቀድሞ መዘናት። ጤነኛ ግልገል ሲወለድ መቶ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይጨምራል፤ የሁለት ወር ግልገል እንግዲህ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል ማለት ነው። የእኛዪቱ ከሰባት መቶ ግራም አላለፈችም፤ ሆዷ ግን እንደ ከበሮ ተነፍቶ ነበር። ልጃችን «ጠግባ ነው» ብላ ተከራከረች። ሐኪሙ ግን «ወስፋት ነው» አለ።

የድመት ወስፋት ወደ ግልገሉ የሚገባው ከእናቲቱ ወተት ጋር ነው። ስለዚህ ከወፍጮ ቤት ወይም ከመንገድ የመጣች ግልገል ሁሉ ወስፋት አለባት ብሎ መጀመር ከስሕተት አያደርስም። የትል መድኃኒት ከሦስት ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እስከ ስምንተኛው ሳምንት፣ ከዚያም በየወሩ እስከ ስድስት ወር ይሰጣል። መጠኑ በክብደት ስለሚወሰን ሳይመዝኑ መስጠት አይገባም፤ ለበግ ተብሎ የተገዛውን ክኒን በግምት ቆርሶ መስጠትም አደጋ ነው። እኛ ቀኑን እንዳንረሳው ወር በገባ በ27፣ በመድኃኔ ዓለም ዕለት አደረግነው፤ የክፍለ ከተማችን ስም የተጠራበት የቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ደወል ሲሰማ ልጃችን መድኃኒቱን ታስታውሰናለች።

ወስፋቱ ለድመቷ ብቻ የሚተርፍ ነገር አይደለም። እንቁላሉ በዓይነ ምድሯ ወጥቶ ከአፈር ይቀላቀላል፤ በአፈር የሚጫወት ሕፃንም እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ወደ ሆዱ ያስገባዋል። ስለዚህ በአንድ ሳፋ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ አድርገን በጓሮ ጥግ አኖርንላት፤ ድመት በተፈጥሮዋ ቀብራ የምትጸዳዳ ናትና ለማስተማር ሁለት ቀን አልፈጀብንም።

ከዚህ ጋር ተያይዞ እርጉዝ እናቶችን ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቅ ነገር አለና ጥቂት እንናገርበት። ቶክሶፕላዝማ የሚባል በዓይን የማይታይ ተዋሕስ አለ። ድመት አይጥ ወይም ጥሬ ሥጋ በልታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲይዛት ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ ከዓይነ ምድሯ ጋር ታወጣዋለች፤ እርጉዝ ሴት በእርግዝናዋ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተያዘች ጽንሱን ሊጎዳው ይችላል። በዚህ ምክንያት ድመት ከቤት ትውጣ የሚሉ አሉ። ይህ አስፈላጊ አይደለም። ተዋሕሱ ከወጣ በኋላ በሽታ ለማስያዝ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋልና፣ አሸዋው በየቀኑ ቢጠረግ፣ የሚጠርገውም እርጉዟ ሳትሆን ሌላ ሰው ቢሆን አደጋው እጅግ ይቀንሳል። ይልቁንም በእኛ አገር ልናስብበት የሚገባው ሌላ ነው፤ ይኸው ተዋሕስ በጥሬ ሥጋም ይተላለፋል። ድመቷን ከቤት አባርራ በፋሲካ ጥሬ ሥጋ የምትቆርጥ እርጉዝ ሴት በሩን ዘግታ መስኮቱን ከፍታዋለች። ያልታጠበ ሰላጣም እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ግልገል ድመት ሦስት ወር ሲሞላት የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት መከተብ አለባት፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ይደገማል፤ ከዚያም ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ ይቀጥላል። ስሙ የውሻ ሆኖ ስለሚጠራ ብዙ ሰው ድመትን አይጠረጥርም። በእርግጥም በዓለም ላይ በሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ ሕመም እስከ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። ነገር ግን በሌሊት አጥር ዘልላ ከዘላን ውሻ ጋር የምትጣላ ድመት ትለከፋለች፤ ስትለከፍም ከውሻ ይልቅ ለቤተ ሰብ ትቀርባለች። በእኛ ክፍለ ከተማ ከረጲ የቆሻሻ ስፍራ አንሥቶ በየገበያው ዳር ባለቤት የሌላቸው ውሾች ምን ያህል እንደሚታዩ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል።

በሽታው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1895 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ብርቱ ወረርሽኝ እንደ ነበረ በታሪክ ተጽፏል። ከዚያ 18 ዓመት ቀደም ብሎ በ1877 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በሐምሌ 1885) ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በውሻ የተነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዮሴፍ ማይስተርን ከትቦ አድኖት ነበር። ጉለሌ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ የሚገኘውን የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ፓስተር» የሚለው በዚህ ሰው ስም ነው። ፓስተር ያረፈበት ዕለት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 28፣ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ቀን ተብሎ በዓለም ይታሰባል፤ በእኛ አቆጣጠር የመስቀል ማግሥት ነው ማለት ነው። የድመታችሁን ዓመታዊ ክትባት ለማስታወስ ከዚህ የተመቸ ቀን አላገኘንም።

ባለፈው ዓመት በጎረቤታችን የሆነውን እንንገራችሁ። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ማንም የማያውቃትን ድመት ሊያቅፍ ሲል እጁን ነከሰችው፤ ድመቲቱም ጠፋች። አያቱ ወደ እኛ መጥተው፣ «የኔታ፣ ወደ መድኃኒት አዋቂው ልውሰደው ወይስ ወደ ጠበሉ?» ብለው ጠየቁን። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ስለ ሆንን የሚጠብቁት መልስ ነበራቸው። እኛም «እማማ፣ አስቀድሞ ቁስሉን እንጠበው» ብለን በሚወርድ ውኃና በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ አጠብነው። ልጁ አለቀሰ፤ አያቱም አዘኑብን። ነገር ግን ይህ እጥበት ብቻውን ከተዋሕሱ ብዙውን ያስወግዳል። ከዚያም በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይዘነው ሄድን፤ ክትባቱም ተጀመረ።

በመንገድ ላይ አያቱ «ጠበሉስ ይቅር ነው የምትሉኝ?» አሉን። አይቅር፤ ማን ይቅር ይላል? ነገር ግን በመጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትም ከእግዚአብሔር ዘንድ እንደ ተሰጠ ተጽፏል። ይህ በሽታ ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ ሰውን ማዳን እጅግም አይቻልም፤ ክትባቱ የሚጠቅመው በፊት ነው። ስለዚህ ጠበሉ ሰዓቱን እንዳያሳልፍብን ልጁ አስቀድሞ ተከትቦ ይጠመቅ አልናቸው፤ እንዲሁም ሆነ። ልጁ የክትባቱን ቀን ሳያቋርጥ ጨረሰ፤ አሁን ሁለተኛ ክፍል ነው። የነከሰችው ድመት ተይዛ ቢሆን ኖሮ ዘግቶ እስከ አሥር ቀን ማየት ይቻል ነበር፤ በነከሰች ጊዜ በሽታው በምራቋ ውስጥ ከነበረ በእነዚያ ቀናት ትታመማለች ወይም ትሞታለችና። ገድሎ መጣል ግን ማስረጃውን ማጥፋት ነው። ድምፅዋ የተለወጠ፣ ምራቋ የሚዝረበረብ፣ ያለ ምክንያት የምትቆጣ ወይም ያለ ልማዷ የምትለማመጥ ድመት ስታዩ ልጆቹን አርቁ።

ክትባት እንስሳን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ከሞት እንደሚጠብቅ አገራችን በብርቱ ዋጋ ተምራዋለች። በ1880 ዓ.ም. የገባው የከብት ደስታ በሽታ በሬውን ፈጅቶ ማረሻውን በማስቀመጡ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ መጣ። ያ በሽታ ዛሬ ከምድር ጠፍቷል፤ ይህም በ2003 ዓ.ም. በዓለም ተነገረ። ያጠፋው ክትባት ነው። ቢሾፍቱ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 የተቋቋመው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትም ለከብት፣ ለበግና ለዶሮ ክትባት ሲያዘጋጅ ኖሯል።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ የክርስቲያን ቤት ጽሑፍ አይሆንም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን በቤታችን ሥጋም ወተትም አይገባም፤ ድመቷስ ምን ትበላለች? በብዙ ቤት ሽሮ የተነከረ እንጀራ ይሰጣታል። ይህ ለውሻ ይበቃ ይሆናል፤ ለድመት ግን አይበቃም። ድመት ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር በሚበቃት መጠን በሰውነቷ ውስጥ መሥራት አትችልም፤ ከሥጋ ብቻ ታገኘዋለች። ይህ ሲጎድላት ዓይኗ ይጠፋል፤ በ1987 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በካሊፎርኒያ የተደረገ ምርምር ልቧም ተለጥጦ እንደሚደክም አሳይቷል። በሽሮው ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ቀይ ደሟን ያፈርሰዋል።

«በነነዌ ጾም እንስሳት ጾመው የለምን?» ያለን አንድ ተማሪ ነበር። መልካም ጥያቄ ነው። የነነዌ ከብቶች የጾሙት በንጉሥ አዋጅ፣ ጥፋት በደረሰበት ሰዓት ነበር፤ በዚያው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ደግሞ እግዚአብሔር ስለ ከተማይቱ እንስሳት ጭምር እንደ ራራ ተጽፏል። ጾም ለሰው የተሠራ ሥርዓት ነው። እኛ ከቅበላ በፊት የበሬ ልብና ሳንባ ገዝተን ያለ ጨውና ያለ በርበሬ ቀቅለን በበረዶ ቤት አስቀመጥን፤ ሲያልቅ እንቁላል ቀቀልንላት። እንቁላል መቀቀል ጾም መሻር አይደለም፤ ማንኪያውን ባለመላስ ብቻ መጠንቀቅ ነው። ጉበት ብዙ አይሰጥም፤ ይጎዳታል። ጡት ለጣለች ድመት ወተት ተቅማጥ ያመጣል፤ የምትፈልገው ንጹሕ ውኃ ነው።

ቁንጫዋን ለማጥፋት ማላታይን የሚነፉባት፣ የውሻ መድኃኒት የሚቀቡባትም አሉ። በብዙ የውሻ ቁንጫ መድኃኒት ውስጥ ያለው ፐርሜትሪን ድመትን አንቀጥቅጦ ይገድላል። ለግልገል በቅጣን ማበጠሪያ ማበጠርና መተኛዋን በፈላ ውኃ ማጠብ ይቀድማል፤ ለድመት የተሠራ መድኃኒት ሐኪም ይዘዝላት። የአይጥ መርዝ በሚነሰነስበት ቤትም ድመት አትኖርም፤ የተመረዘውን አይጥ ትበላለችና። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነው።

የቀረን ማምከን ነው። ሴት ድመት በአራት ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናዋም ሁለት ወር ያህል ነው። በየመንገዱ በማዳበሪያ ከረጢት ታስረው የሚጣሉ ግልገሎች የሚመጡት ከዚህ ነው፤ ይህንንም የሚያደርጉት ክፉ ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን የምናገኛቸው ጎረቤቶቻችን ናቸው። ስለዚህ ግልገሊቱ አምስት ወር ሲሞላት አስመከንናት። በአንድ ቀን ተመልሳ መጣች፤ ለሁለት ቀን ተኮራመተች፤ በሦስተኛው ቀን መጋረጃው ላይ ወጣች።

የክትባት ወረቀቷን ልጃችን ከራሷ የክርስትና ወረቀት ጋር በአንድ ሳጥን አስቀምጣው ነበር። እናቷ አይታ ተቆጣችና ወረቀቱ ወደ ቡና ዕቃው መሳቢያ ተዛወረ፤ እስከ መስቀል ማግሥት በዚያ ይቆያል።